ድልድይ ያልተሻገረው መንገደኛ

ጀምበሬ የማያውቀው የሱዳን አገር የለም። ሱዋኪን በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ሴናር ንጉሥ ፊት እንዴት እንደሚቆም፣ ዶንጎላ ቴምሩ መቼ እንደሚበስል ቁጭ ብሎ ይነግርሃል። ምን ያደርጋል፣ አንዱንም አላየውም። እኔ ሰብስቤ የምሠራው ከካርቱም ወንዝ ማዶ፣ ባሕሪ ብየዳ ቤት ነው። ስንት ጊዜ «ተሻገርና ምሳ እንብላ» ብዬው «ኢንሻአላህ» እያለ ቀርቷል። ዓባይ ከየአቅጣጫው በሚገናኝበት ከተማ አንድም ድልድይ ሳይሻገሩ መኖር ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ጥፋቱ የሥራው ነው ልበል። ጀምበሬ ገፊር ነው፤ ካርቱም፣ አል-ማንሺያ ሰፈር የአንድ ትልቅ ቤት በር ይጠብቃል። በር የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ከበሩ አይርቅም። ከመተማ ወደ ካርቱም ሲመጣ እንኳ ሸራ በለበሰ የጭነት መኪና ውስጥ፣ በሰሊጥ ጆንያ መሐል ተጋድሞ ነበር። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ረጅም መንገድ ሄደ፤ ያየውም ሸራውን ነው።

የቤቱ ባለቤት ኡስታዝ ጃፋር ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። አመሻሽ ላይ ወንበራቸውን በር ላይ አውጥተው ሲቀመጡ ገፊራቸውን የዐረብኛ ፊደል አስቆጠሩት። ፊደሉ ሲያልቅ መጽሐፍ ይሰጡት ጀመር። ከሁሉ አብልጦ የወደደው የአንድ የጥንት ነጋዴ የጉዞ መጽሐፍ ነው። ነጋዴው ግመሉን ጭኖ ከቀይ ባሕር እስከ ዓባይ ዳር የዞረ፣ የበላውን፣ ያደረበትን፣ የተጣላውን ሰው ሳይቀር የጻፈ ነው። የመጽሐፉን መጨረሻ ግን ምስጥ በልቶታል፤ ሰውዬው ቤቱ ይግባ አይግባ አይታወቅም።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ለምለም ምግብ ቤት እንሰበሰባለን። ጀምበሬም ግማሽ ቀን ፈቃድ ስላለው ይመጣና በሳምንቱ ያነበበውን በአማርኛ ያወራልናል። መጀመሪያ «ነጋዴው እንዲህ አደረገ» እያለ ነበር። እየቆየ ነጋዴው ቀረ። አንድ እሑድ አዲስ የመጣ ልጅ፣ «ጋሼ ጀምበሬ፣ በመጨረሻ ግመሉን ምን አደረግከው?» ብሎ ጠየቀው።

«ሸጥኩት» አለ ጀምበሬ፣ ዓይኑን ሳያሽ። ሻዬ ትን ብሎኝ ልሞት ነበር።

ዝም ያልኩት በይመኙሻል ምክንያት ነው። ይመኙሻል ከጀምበሬ በር ፊት ለፊት ያለው ቤት የምትሠራ፣ ቁም ነገረኛ ሴት ናት። እሱ ሲያወራ አገጯን በእጇ ደግፋ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ታዳምጠዋለች። እሷ በመጣች ቁጥር በረሃው ይሰፋል፣ ሽፍታው ይበዛል። ጀምበሬ ሊያገባት ቆርጧል፤ ከገና በኋላ ሽማግሌ ሊልክ አስቦ አንደኛው ሽማግሌ እኔ ነበርኩ። የሽበቴን ነገር እግዜር ይየው።

ጦርነቱ ካርቱምን ሳይበትናት በፊት የመጨረሻው ገና ነበር። ይመኙሻል ለምለም ቤት ተነሥታ፣ «በበዓሉ ማግስት ሀፍላ፣ ያችን ትንሽ አውቶቡስ ተከራይተን፣ ከሸንዲ ወዲያ በረሃው ላይ ያሉትን የበጅራዊያ ፒራሚዶች እንይ። ጀምበሬ ስለሚያውቀው እሱ ይመራናል» አለች። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጀምበሬ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖረው።

ውጪ ስንወጣ እጄን ያዘኝ። «ሰብስቤ፣ በሞቴ፣ ታምሜያለሁ በልልኝ።»

«ምንህን?»

«የፈለግከውን በል። ከባሕሪ ወዲያ መንገዱ ወደየት እንደሚሄድ አላውቅም እኮ። ውሸታም መሆኔን ካወቀች አታገባኝም፤ አለቀ።»

«ሴቶች ውሸታም የማያገቡ ቢሆንማ እስከ ዛሬ ማን ያገባ ነበር?» አልኩት። አልሳቀም። ፊቱን ሳየው ከአንጀቴ አዘንኩለት፤ ቢሆንም ታሟል አላልኩም። ግመሉን ሲሸጥ መች አማከረኝ?

በበዓሉ ማግስት ማለዳ ሹፌሩ ሙስዐብ «ያላ ያላ!» እያለ አሳፈረን። እሱ የሸንዲ ልጅ ነው፤ መንገዱ ተወልዶ ያደገበት ነው። በእኛ ደንብ መንገድ አዋቂ ከሹፌሩ ጎን ይቀመጣልና ጀምበሬን እዚያ አስቀመጥነው። የባሕሪን ድልድይ ስንሻገር የመቀመጫውን ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር። አንገቴን አስግጌ፣ «እንኳን ደህና መጣህ» ብዬ በጆሮው ሹክ አልኩት።

ባለ ምግብ ቤቷ ለምለም ከኋላ፣ «ጀምበሬ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለች።

«አራት ቀን» አለ። ከአፉ አምልጦት ነው፤ ነጋዴው በግመል የፈጀበት ነው። ሀፍላው በሳቅ ሲናጋ ለቀልድ ብሎ እንደሆነ አስመሰለ። ትንሽ ሄደን ደግሞ፣ «አሁን በስተቀኝ አንድ ትልቅ ግራር አለ፤ ከሥሩ መንገደኛ ውኃ የሚቀዳበት ጉድጓድ አለ» አለ። ሁላችንም ወደ ቀኝ ዞርን። ነዳጅ ማደያ ነው።

«ዛፉ ተቆርጧል» አለ ጀምበሬ።

«ጉድጓዱም አብሮ ተቆርጦ ይሆናል» አልኩ። ይቅር ይበለኝ፣ አላስቻለኝም።

ሐበሻ ሲያመላልስ አማርኛ የለመደው ሙስዐብ መሪውን እንደያዘ ጀምበሬን ከላይ እስከ ታች አየው። «ያ ሸይኽ፣ መቼ ነው በዚህ ያለፍከው? ወላሂ፣ አያቴ እንኳ ያንን ጉድጓድ አላየም!» ጀምበሬ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ማጅራቱ ላይ ላብ ሲወርድ ከኋላ ይታየኛል፤ ወሩ ደግሞ ብርዱ የሚያንዘፈዝፍበት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሀፍላ ላይ ሲሆን ግን ማደርም አላስፈለገው።

ስንደርስ ፀሐይ ገና አልበረታችም። ፒራሚዶቹ አሸዋው ላይ ተደርድረው፣ የአንዳንዶቹ አናት ተቆርጦ ቆመዋል። ሰው ሁሉ ወርዶ ጀምበሬን ከበበና አፍ አፉን ያይ ጀመር። እሱ ቆመ። የነጋዴው መጽሐፍ «ከሩቅ አየኋቸው» ከሚለው ላይ ነው በምስጥ የተበላው። ጀምበሬ ከዚህ ወዲያ የሚያውቀው አንድ ቃል የለም።

«ምንድን ነው? ንገረን እንጂ!» አለች ለምለም።

ይመኙሻል ወደ እሱ ተጠጋች። «እናንተ ሂዱና እዩ፣ እኛ እንደርሳለን» ብላ ሰውን በተነችው። እኔ ሽማግሌ ነኝና አልሄድኩም፤ ጫማዬ አሸዋ የገባበት መስዬ ቁጭ አልኩ።

«ይመኙሻል» አለ ጀምበሬ፣ «እኔ እዚህ መጥቼ አላውቅም። የትም ሄጄ አላውቅም። ሁሉም ከመጽሐፍ ነው።»

«አውቃለሁ» አለችው።

«ሰብስቤ ነገረሽ?»

«ሰብስቤ ምን ሊነግረኝ! ስንት ዓመት ሙሉ ጠዋትም ማታም በርህ ላይ ሳይህ ነው የኖርኩት። እሑድ ለምለም ቤት ነህ፤ በሌላው ቀን በርህ ላይ ነህ። መቼ ነው ሱዋኪን የሄድከው? በሩን ማን ይጠብቅልህ ነበር?»

ይህን ሁሉ ዓመት ሲዋሽ ያ የሚጠብቀው በር ራሱ ሲመሰክርበት ኖሯል፤ ማናችንም አላሰብነውም።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እኔስ የት ሄጄ አውቃለሁ? ከማድ ቤት ገበያ፣ ከገበያ ማድ ቤት። አንተ ስታወራ አብሬህ እሄድ ነበር። ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ የእውነት ብንሄድ አልኩ። ጠይቄህ ቢሆን 'ኢንሻአላህ' ብለህ ትቀር ነበር፤ ምራን ስልህ ግን ምን ትላለህ?»

የጀምበሬ ዓይን እንባ ሞላ። የእኔም ሞላ፤ በአሸዋው አሳበብኩ።

«አሁን እዚህ ጋ መጽሐፉ ምን ይላል?» አለችው።

«እዚህ ጋ አልቋል።»

«እንግዲያው ና» ብላ ጫማዋን አወለቀች። እሱም አወለቀ። የሌሊቱ ብርድ ያልለቀቀውን አሸዋ እየረገጡ፣ እየተሳሳቁ ወደ ፒራሚዶቹ ሄዱ። ሽምግልናዬ እዚያው ቀለጠ፤ ለሽማግሌ የሚሰጠውን ግብዣ ግን አልማርኳቸውም።

ዛሬ ጦርነቱ ምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ አምጥቶናል። ሁለቱ ተጋብተው እዚሁ ጎረቤቶቼ ናቸው። ጀምበሬ ማውራቱን አልተወም፤ ሰው ሲሰበሰብ ሱዋኪንን በር በበሩ፣ ሴናርን ከነንጉሡ ያመጣልሃል። ነገር ግን በገዛ እግሩ የሄደበትን ያን አንድ አገር ሲጠይቁት ወሬ ይጠፋዋል። ይመኙሻልን ቀና ብሎ ያያትና፣ «ጥሩ ነበር፤ አሸዋው ይበርዳል» ይላል። ከዚያ ሌላ አይወጣውም።