የአሰቡ መስታወት

አባባ ወልቂጤ ከተማ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት ከመክፈቱ በፊት አሰብ ወደብ ላይ መብራት ጠባቂ ነበር። ለመርከቦች መንገድ የሚያሳየው ማማ አናት ላይ እየወጣ፣ ፀሐይ ስትገባ ያበራል፣ ስትወጣ ያጠፋል። ይህን ለሰፈራችን ሰው ማስረዳት ቀላል አልነበረም። እዚህ ማማ የሚባለው በቆሎ ከዝንጀሮ የሚጠበቅበት ነው፤ ስለዚህ "አሰብ ድረስ ሄዶ ዝንጀሮ ጠብቆ መጣ" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱ አብሯቸው ይስቃል። እኔ ግን እናደድ ነበር።

ወደቡ የሌላ አገር ሲሆን እሱም እንደ ብዙ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። ከዚያ ያመጣው ቁም ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ማማው ላይ አዲስ መብራት ሲገጠም የተነሳው፣ አለቃው "ውሰደው" ያሉት አሮጌ መስታወት ነው፤ የመብራቱን ብርሃን ወደ ባሕሩ ይወረውር የነበረ፣ ቀለበት በቀለበት የተደራረበ፣ እንስራ የሚያህል፣ በጋቢ ተጠቅልሎ በጭነት መኪና የመጣ። ሁለተኛው ወፍራም ደብተር ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ሽማግሌ ጠባቂ ጀምረውት እሱ የቀጠለው ነው። ማማው እንዴት እንደተሠራ፣ የትኛው መርከብ በምን ንፋስ እንደገባ፣ ማን ወጥቶ እንዳልተመለሰ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ ይለን ነበር።

መስታወቱ ሳሎን ውስጥ፣ በምሥራቁ መስኮት ሥር ተቀመጠ። አባባ ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ነጭ ጨርቅ ያለብሰዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገልጠዋል። አንድ ቀን አላጓደለም። ለምን ሲባል "ልማድ ነው" ይላል። ታላቅ ወንድሙ ግን፣ ከቸሃ ሊጠይቀን በመጣ ቁጥር የራሱን መልስ ይሰጥ ነበር።

"ይኸ የቦዠ ነገር ነው" ይላል ጨርቁን እያየ። "ከገለጥከው ቤትህን ይበላዋል።"

ቦዠ ጥንት አገሩ የሚፈራው፣ የበደለኛ ቤት ያቃጥላል የሚባል የመብረቅ መንፈስ ነው። እኛ ደግሞ ጴንጤዎች ነን። እናቴ ይህን የሰማች ዕለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጠርታ መስታወቱ ላይ አስጸለየች። አባባ አብሯቸው ቆሞ አሜን አለ፤ በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ጨርቅ አለበሰው።

አባባ አምና ሞተ። ሊሞት ሰሞን አንድ ነገር ብቻ አደራ አለኝ። "ደብተሩን። ማማው ይቁም ይፍረስ አላውቅም። የቀረው እኛ ጋ ያለው ነው።" የማስተምርበት ትምህርት ቤት አንዲት ክፍል ለአሮጌ ቅርስ አዘጋጅቶ ስለነበር፣ ደብተሩንም መስታወቱንም ለዚያ ልሰጥ ወሰንኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት መስታወቱን ወለወልኩ። ደብተሩን ከሳጥን አውጥቼ፣ ከመስታወቱ ኋላ ጠረጴዛው ላይ ግድግዳ አስደግፌ አቆምኩት። ሁለቱ አብረው ሲታዩ ደስ አለኝ። እሑድ ጠዋት እናቴ ጨርቁን ይዛ መጣች።

"አልብሺው እንጂ፣ አባትሽ ባይኖርም።"

"እማዬ፣ አንቺም ቦዠን ትፈሪያለሽ?"

አፈረች። ጨርቁን አጥፋ ወንበር ላይ አኖረችውና ወደ አምልኮ ሄድን። ያ ማፈሯ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስብከቱ ሳያልቅ ጎረቤታችን መጥታ ጠራችን። የሰፈሩ ሰዎች ጭስ አይተው፣ በር ሰብረው፣ ውሃ ደፍተዋል። ቤቱ ተርፏል፤ የተቃጠለው የጠረጴዛው ልብስና ደብተሩ ነው። ስንገባ ስሙኒ የምታህል ነጭ ብርሃን ግድግዳው ላይ አለች፤ ከሥሯ የግድግዳው ቀለም እየጋለ ያብጣል። መስታወቱ የጠዋቷን ፀሐይ ለቅሞ እዚያች ነጥብ ላይ አፍስሷታል። እናቴ ሄዳ ጨርቁን መስታወቱ ላይ ጣለች።

አጎቴ ሰምቶ ከቸሃ መጣ። "ብዬ ነበር" አላለም። ግድግዳውን ሲያይ ቆየና ውሃ ጠጥቶ ሄደ። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ ሳሎን ውስጥ ጨርቅ ሲራገፍ ይሰማኝ ጀመር። እናቴ ናት ብዬ እወጣለሁ፤ እሷ ገና አልነቃችም። መስታወቱ አጠገብ ማንም የለም። እፈራለሁ፤ ብፈራም አለብሰዋለሁ።

ከደብተሩ የተረፈው የገጾቹ ግርጌ ነው፣ ሁለት ጣት ያህል። ለወራት ልነካው አልደፈርኩም። እውነቱን ለመናገር አባባ በሕይወት እያለም ገልጬው አላውቅም፤ የትም አይሄድም ብዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤቱ መስታወቱን ሊወስድ ሲመጣ፣ አብሬ ልሰጥ አነሳሁትና አገላበጥኩት። በሽማግሌው ጠባቂም በአባባም እጅ፣ የየገጹ የመጨረሻ መስመር አንድ ዓይነት ነው። "ጠዋት 12፡10። መስታወቱ ከፀሐይ ተሸፈነ።" ቀጥሎ ያለው ገጽ፣ "ጠዋት 12፡12። መስታወቱ ከፀሐይ ተሸፈነ።" እስከ መጨረሻው እንዲሁ ነው።

አንዱን ገጽ አንብቤ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይተርፉ ነበር።