የኦቦ ገመቹ ዲኤክስ ጠባሳ

ባትላሜራነት የጀመርኩት ሰበታ፣ ጅማ መንገድ ላይ ከነበረ አንድ ጋራዥ ነው። ባትላሜራ ማለት የተጨማደደ ላሜራ ቀጥቅጦ የሚያቀና ሰው ነው። ሞተር የሚፈታው መካኒክ ሌላ ነው፤ እሱ ልብሱ ዘይት ይጠጣል፣ የኛ ጆሮ ይደነቁራል። በመጀመሪያው ቀን ፎርማኑ ጋሽ ተክሌ የአንድ ሚኒባስ በር መሬት ላይ አጋደመልኝና "ዓይንህን ጨፍን። መዳፍህን አስኪድበትና የት የት እንደጎደጎደ ንገረኝ" አለኝ። ሦስት ቦታ ነገርኩት። "ያልነገርከኝ ይበዛል" አለና ሻይ እንዳመጣ ላከኝ።

ረዳት ሆኜ ብዙ ዘመን ብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ። ጋሽ ተክሌ ጉድጓድ መድፈኛው ስቱኮ ሲለጠፍ ማየት አይወድም ነበር። "ስቱኮ ኩል ነው። መጀመሪያ ላሜራውን በመዶሻ አቅናው፣ ኩሉን ኋላ ትኳለህ" ይለኝ ነበር። እንዲህ እየተሰደብኩ ባለሙያ ሆንኩ፣ ከዚያ ፎርማን፣ በመጨረሻም ቡራዩ ላይ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ።

ሥራው አንድ በሽታ አስተርፎልኛል፤ ጎባጣ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። ሰርግ ተጠርቼ የድንኳን ምሰሶ አቅንቼ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ባለቤቴ "ሰማይ ቤት ስትሄድ የመላእክቱን ክንፍ አቃናለሁ ብለህ እንዳታዋርደን" ትለኛለች። የምነግራችሁም ነገር የመጣው ከዚሁ በሽታዬ ነው።

እሑድ ከሰዓት ነው። ምሳዬን በልቼ ጋደም እንዳልኩ የግቢው በር ላይ የጭነት መኪና ጡሩምባ ተነፋ። ብወጣ የሰፈራችን ሽማግሌ የኦቦ ገመቹ ልጅ ሌንሳ ከጋቢናው ወረደች። በብብቷ ሞተረኞች የሚያደርጉትን ዓይነት ሄልሜት ይዛለች። ከኋላ ጭነቱ ላይ በሸራ የተሸፈነ ነገር አለ።

"ጋሽ ደምሴ፣ ላስቸግርዎት ነው" አለችኝ።

ሸራውን ገለጥ አደረግኩት። "ኧረ በስመ አብ!" አልኩ። የኦቦ ገመቹ አሮጌ ነጭ ቶዮታ ዲኤክስ ናት፤ ቡራዩ ውስጥ የማያውቃት የለም። የቀኝ ፓራፋንጎዋ፣ የጎማ መከለያው፣ ታጥፎ ጎማው ላይ ተኝቷል፣ ኮፈኗ እንደ ሳምቡሳ ተጣጥፏል፣ ራዲያተሯ ሄዶ ሞተሩ ላይ ተለጥፏል። ዞር ብዬ ሳይ የግራ ኋላዋም ገብቷል።

"አንቺስ?" አልኳት።

"ቀበቶው ትከሻዬን ያዝ አድርጎኝ ነው። ክሊኒክ አይተውኛል፣ ደህና ነኝ።"

"ተመስገን። እና ይቺ ምን ሆነች? ከገደል ነው የወረደችው?"

"ትራክ ዴይ ነበረን" አለች፣ የማኅበር ቀን የምትነግረኝ ይመስል። ነገሩ ኋላ ገባኝ። ሱሉልታ ዳር ለጭነት መኪና ማቆሚያ ተብሎ የተነጠፈ፣ ሥራ ያልጀመረ ሰፊ አስፋልት አለ። ወጣቶቹ እሱን ይከራዩና አሮጌ ጎማ ደርድረው ኩርባ ይሠሩለታል፤ ከዚያ ሰዓት ተይዞላቸው ይነዳሉ። "መንገድ ላይ ሰው ከምንጨርስ ብለን ነው" አለችኝ። "ጨዋነታችሁ ደስ ይላል" አልኳት። ኩርባው ላይ ፍሬን ዘግይታ ይዛ፣ ጎማውን ጥሳ ከሲሚንቶው ጠርዝ ጋር ተላትማ፣ ዞራ ደግሞ በኋላዋ መታችው።

"ስንት ላይ ነበርሽ?"

"ጋሼ፣ እሱን አይጠይቁኝ።"

ሌንሳ ሰበታ አንድ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ኦቦ ገመቹ ጉልበታቸው አላስነዳ ሲላቸው ዲኤክሷን ለማን እንደሚሰጡ ለመምከር ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። አጎቶቿ "ለወንዱ ስጠው፣ ሴት ልጅ መኪና ትጨርስብሃለች" አሉ። ኦቦ ገመቹ ግን ሁሉም ባለበት ቁልፉን አንስተው እጇ ላይ አኖሩት። "ከልጆቼ ሁሉ ረጋ ያለችው እሷ ናት" አሉ። ይህን የሰማሁት ከሳቸው ከራሳቸው ነው።

"አባዬና እማዬ አምቦ አክስቴን ሊያስታምሙ ሄደዋል" አለችኝ። "የፊታችን እሑድ ይመለሳሉ። ወንድሜን ሰርቪስ ገብታለች ብዬዋለሁ። ካወቁ ቁልፉን ይቀሙኛል።"

"ቢቀሙሽስ? በሚኒባስ ትሄጃለሽ።"

ዓይኗ እንባ ሞላ። "መኪናው አይደለም ጋሽ ደምሴ። አጎቶቼ አባዬን 'አላልንህም?' ይሉታል። ሰው ፊት ነው ያመነኝ።"

እዚህ ላይ ማሰብ ነበረብኝ። ባለቤቱ ሳያውቅ የባለቤቱን መኪና ፈትቶ መግጠም የጤና አይደለም። ግን ልጅቷ አሳዘነችኝ፣ ደግሞ እውነቱን ልናገርና ተንኮሉም ጣመኝ። "አውርዷት" አልኩ።

ያን ሳምንት ሌላ ሥራ አልነካሁም። የሻንሲውን ጫፍ ግቢዬ ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ጋር በሰንሰለት አስሬ እየለካሁ ትንሽ በትንሽ ጎተትኩት። ችኩል ባትላሜራ በአንዴ ይጎትትና ሻንሲው ወደ ሌላ ጎን ይሄድበታል። ሌንሳ ኮፈንና ፓራፋንጎ ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ገዛች፣ ራዲያተሩንና የሞተሩን ነገር ጎረቤቴ መካኒኩ ያዘ። የኋላውን ላሜራ ከውስጥ ብረት ደግፌ ከውጭ በመዶሻ መለስኩት። ቀለሙንም አዲስ ነጭ አላደረግኩትም፤ የዲኤክሷ ነጭ የሽማግሌ ጥርስ ዓይነት ስለሆነ ትንሽ ቢጫ ጠብ አድርጌ በጠበጥኩ። መዳፌን አስኬድኩባት። ጋሽ ተክሌ ዓይኑን ጨፍኖ ቢዳስሳት አንድ ጉድጓድ አያገኝባትም ነበር።

ዓርብ ሌንሳ ከሥራ ስትወጣ መጣች። መኪናዋን አየችና ጮኸች።

"ጋሼ! አዲስ አደረጓት እኮ!"

"ምን አደረግሁ፣ ሥራዬ ነው" አልኩ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ።

"ኧረ ማመስገኔ አይደለም! ጠባሳዋስ? የበሬው ጠባሳ የት ሄደ?"

ክው አልኩ። የግራ ኋላዋ ላይ የዲኤክሷ ዝነኛ ጠባሳ ነበረ። ኦቦ ገመቹ በየሰርጉና በየማኅበሩ ይተርኩታል፦ ሆለታ መንገድ ዳር ቆማ ሳለ አንድ ቀይ በሬ ተንደርድሮ መጥቶ ወጋት። "በሬው ወደቀ፣ ዲኤክሴ ንቅንቅ አላለችም!" ይላሉ። ይህን የማያውቅ የቡራዩ ሰው ቡራዩ አልኖረም። እኔ ሞኙ ደግሞ የአዲሱን ግጭት ሳቃና አሮጌውንም አብሬ አቅንቼዋለሁ።

እንግዲህ ዕድሜዬን ሙሉ ጉድጓድ ስደፍን ኖሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉድጓድ አብጅ ተባልኩ። ሌንሳ ስልኳ ላይ ጠባሳው በግልጽ የሚታይበት የወንድሟ ምርቃት ፎቶ አገኘች። እኔ ከግቢው ማዶ ካለው ሥጋ ቤት የበሬ ቀንድ ልለምን ሄድኩ።

"ምን ሊያደርግልህ?" አለኝ ባለ ሥጋ ቤቱ።

"ለመድኃኒት ነው።"

"ምን አሞህ?"

"እኔን አይደለም፣ መኪናዋን ነው ያመማት" ብዬው ወጣሁ። እስከ ዛሬ ሲያየኝ አንገቱን ይነቀንቃል።

ቀንዱን እንጨት ላይ አሰርኩና መጀመሪያ አንድ የተጣለ ፓራፋንጎ ላይ ሞከርኩት። ጠባብ፣ ጥልቅ ቀዳዳ ሠራ። በጎኑ መታሁት፤ ክብ ሆነ። ፎቶውን አጉልቼ አየሁ። የኦቦ ገመቹ ጠባሳ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ነው፣ ጠርዙም እንደ ተሰመረ ነው።

"ሌንሳ" አልኳት፣ "ይህን ጠባሳ የሠራ በሬ ካለ ቀንዱን አናጢ ጠርቦለታል።"

ቀና ስል የግቢዬ በር የታሰረበት አራት ማዕዘን የብረት ምሰሶ ፊቴ ቆሟል። ሌንሳም አየችው። ተያየን።

"ጋሼ፣ እንዳይሆን..."

"ዝም በይና ግቢ። በኋላ ማርሽ፣ ቀስ ብለሽ።"

ጓ! አለ። ወረደችና ከፎቶው ጋር አስተያየነው። ቁርጥ እሱ ነው! ሌንሳ "አባዬ! አባዬ!" እያለች መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ቀለሙን ፋቅ ፋቅ አድርጌ በጥቂት አቧራ አስረጀሁት።

ሰኞ ጠዋት ዲኤክሷ ግቢዬ ገባች። የሚነዷት ግን በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ኦቦ ገመቹ ራሳቸው ናቸው። ሌንሳ ከጎናቸው አንገቷን ደፍታለች። ነገሩ ገባኝ፣ ቁልፉ ተቀምቷል።

"አካም ቡልቴ፣ ደምሴ?" አሉ።

"ናጋ፣ ኦቦ። እንደምን አደሩ?"

 ከመኪናው ወረዱና የነጂውን በር በአንድ ጣታቸው ገፋ አደረጉት። ቀጭ ብሎ ተዘጋ።

"ይኸ በር በትከሻ ካልተገፋ ተዘግቶ አያውቅም" አሉኝ። "ትናንት እንደ ልማዴ ብደቁሰው መስታወቱ ሊረግፍ ምንም አልቀረውም። ልጄን 'ምን ሆኖ ነው?' አልኳት። ሁሉንም ነገረችኝ።"

አይ እኔ! በሩ ዘመም ብሎ ሳየው አላስችል ብሎኝ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ማጠፊያውን ቀይሬ አቅንቼው ነበር።

"አንተ ትልቅ ሰው አይደለህም? ከልጅ ጋር ትዶልትብኛለህ?"

"ጥፋት አለብኝ፣ ኦቦ። በሩን መንካት አልነበረብኝም።"

ሌንሳ ሳል ያዛት። እሳቸው ጭራሽ ተቆጡ። "ቀልድ ነው እንዴ የያዝነው? ነገ ወንድሞቼ ሲሰሙ ምን እላለሁ?" እያሉ መኪናዋን ዞሩና ጠባሳው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። በእጃቸው ዳሰሱት። "ይኸንንስ እንዴት አድርጋችሁ መለሳችሁት? በሬው የወጋኝን?"

ዝም ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ግን እሺ አላለኝም። "መጀመሪያ በቀንድ ሞክረን ነበር፣ ኦቦ።"

"እሺ?"

"ቀንድ አልሆነም።"

"ታዲያ በምን ሆነ?"

በአገጬ ምሰሶውን አሳየኋቸው። የዲኤክሷ ነጭ ቀለም እንደ ተላከከበት ነው።

ኦቦ ገመቹ ምሰሶውን ጠጋ ብለው አዩት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ስንት ሰው ያውቃል?" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እኔና ሌንሳ ብቻ።"

"እናቷስ?"

"ለእማዬ አልነገርኳትም" አለች ሌንሳ።

አጠገቤ ካለው አሮጌ ወንበር ላይ ተቀመጡ። "የገዛ ግቢያችን ምሰሶ ነው" አሉ። "መኪናዋን እንደገዛሁ ሰሞን፣ ገና እጄ ሳይፍታታ ነው። ወንድሞቼ 'አንተ ምን ልትነዳ ነው? ሽጣት' ይሉኝ ነበር። ምሰሶ መታሁ ብል 'አላልንህም?' ይሉኛል። በሬ አልኩ።"

 ሌንሳ አባቷን አየች፤ ሳቋ ጠፍቶ ነበር። 

ኦቦ ገመቹ መዳፋቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ገለባብጠው አዩት። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ነይ እንኪ" አሉ። ሌንሳ ዘላ ልታቅፋቸው ስትል እጃቸውን አነሱ። "ቆይ! ከእንግዲህ እኔ ጎንሽ እቀመጣለሁ። ለቅሶም ይሁን ሽምግልና፣ ሰርግም ይሁን ማኅበር፣ የምትነጂው አንቺ ነሽ። በኔ ፍጥነት።"

ሌንሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "ጋሼ፣ ቢቀሙኝ ይሻለኝ ነበር።"

ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድ ሁለቴ አያቸዋለሁ። ዲኤክሷ ሽማግሌዎች ጭና፣ የአህያ ጋሪ እየቀደማት፣ የሚኒባስ ወረፋ ከኋላዋ እየጮኸ በጋራዤ በር ታልፋለች። ኦቦ ገመቹ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው "ረጋ በይ፣ ረጋ በይ" ይላሉ። ሌንሳ እኔን ስታይ ጥርሷን ትነክሳለች።

አንድ ደንበኛዬ ደግሞ ኦቦ ገመቹን ሱሉልታ፣ ያ አስፋልት ላይ፣ ሄልሜት አድርገው ከልጃቸው ጎን ተቀምጠው አየኋቸው አለኝ። አላመንኩትም። በሳምንቱ ዲኤክሷ ለጥገና መጣች፤ ከነጂው ጎን የሚቀመጥ ሰው የሚይዘው የጣራ እጀታ ከነብሎኑ ተገንጥሎ ነበር። እጀታውን መለስኩና ምንም ሳልጠይቅ ሰጠኋቸው።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው። መኪና ስትቀበሉ ሁሉንም በር ከፍታችሁ ዝጉ፣ ጠባሳውን ፎቶ አንሱ። ባለቤቱ አቃኑልኝ ያላላችሁን ነገር አታቃኑ።