በአባ ታከለ ማሳ ላይ ያነሣሁት ፎቶ

ወሬው መጀመሪያ የደረሰኝ በሽሚታው ዓመት፣ ጠዋት እስራኤል ውስጥ ካለችው ከቂርያት ጋት ከተማ ወደ ፋብሪካ በሚወስደን አውቶቡስ ውስጥ ነው። ሽሚታ በየሰባት ዓመቱ መሬት የምታርፍበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ዮም ኪፑር፣ የኃጢአት ማስተሰረያው ቀን፣ በመጣ ቁጥር እጾማለሁ፤ ይህ ነገር ግን ከልቤ አልወጣም።

አጠገቤ የምትቀመጠው አልማዝ ስልኳን እያየች ጮኸች። መንግሥት የእርሻ ድጎማ የከፈላቸውን ሰዎች ዝርዝር ሕዝብ እንዲያየው በኢንተርኔት አውጥቶ ኖሯል።

«ኧረ ጉድ! አባ ታከለም አሉበት!»

አባ ታከለ በሕንፃችን የተከበሩ አዛውንት ናቸው። በዚያ ሰሞን ለአልማዝ ወንድም ሚስት የምትሆን ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ ሆነው ተመርጠው ነበር።

«ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምን ያርሳሉ? በረንዳውን?» አለች አንዷ ከኋላ። አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ።

«ሞሻቭ ውስጥ፣ ገበሬዎቹ መንደር፣ የተከራዩት መሬት አላቸው» አልሁ። ምናለ እዚያ ላይ በተውሁት!

እኔ ግን ሳላይ አላወራም ባይ ነኝ። ዓርብ ከሥራ ስወጣ ሄጄ አየሁት። ማሳውን እሾህና አረም ወርሶታል። እኔ ባደግሁበት በጎንደር ገጠር እንዲህ ያለ ማሳ የሰነፍ ነው። ፎቶ አነሣሁና ለአውቶቡሳችን ሴቶች የዋትስአፕ ቡድን ላክሁት። ከሥሩም «ያልታረሰ መሬት፣ የተበላ ድጎማ» ብዬ ጻፍሁ።

በሳምንቱ የአልማዝ ቤተሰብ አባ ታከለን ትተው ሌላ ሽማግሌ ላኩ። ምክንያቱን የነገራቸው የለም።

እኔ ደግሞ በዚህ አላበቃሁም። ለነፍሳቸው አሰብሁ ብዬ ቤታቸው ሄድሁ። ገና ከመቀመጤ፣ «አባ፣ እግዜር ይቅር ባይ ነው፤ ገንዘቡን ቢመልሱት ይሻላል» አልኋቸው።

«የቱን ገንዘብ፣ ልጄ?»

«ሳያርሱ የወሰዱትን።»

ትክ ብለው አዩኝ። «የሰጡኝ እኮ ባለማረሴ ነው። ለሽሚታ መሬቱን ላሳረፈ ገበሬ መንግሥት ይደጉማል። ዘንድሮ ሽሚታ መሆኑ አንቺ ይጠፋሻል?»

አልጠፋኝም። ገበያ ላይ «ይሄ ጎመን የሽሚታን ሕግ የጠበቀ ነው ወይ?» እያልሁ ሻጩን የማደርቀው እኔ ነኝ። ሕጉን በዘንቢሌ አውቀዋለሁ፤ ማሳ ላይ ሳየው ስንፍና መሰለኝ።

ልወጣ ስነሣ፣ «ሽማግልናውን የከለከሉኝ በዚህ ኖሯል?» አሉኝ።

«እንጃ አባ» አልሁ። ዋሸኋቸው።

ቤቴ ገብቼ ዝርዝሩን ከፈትሁት። ከስማቸው ጎን ምክንያቱ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፦ ለሽሚታ። እኔና አልማዝ ያነበብነው ስማቸውን ብቻ ነበር።

ፎቶውን ያነሣሁት እኔ መሆኔን እስከ ዛሬ አያውቁም። ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ አጎንብሰው ይመርቁኛል፤ እኔ «አሜን» ማለት ያቅተኛል።

ያማኋቸው በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውን በጓዳ መጠየቅ አይሆንልኝም። በዚያ አውቶቡስ የነበራችሁ፣ ፎቶው የደረሳችሁ እህቶቼ፣ በሚመጣው ሰንበት ምኩራብ ውስጥ ከጸሎት በኋላ ወዲያው አትበተኑ። በአባ ታከለ ፊት ቆሜ ስናገር ስሙኝ። ፈርቼ ዝም ካልሁም ስሜን ጠርታችሁ አስነሡኝ።