ስምንቱ ብሎኖች

ሰውየው የጀልባ ብረት ያጸዳል፤ ወደቡ ላይ የሚጠሩት ወልዋዩ እያሉ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። የወደቡ ጥበቃ፣ «ይኼ ሰውዬ የሰው ፊት አይቶ አያውቅም፤ የራሱን ግን በየብረቱ ላይ ሲያይ ይውላል» እያለ ይቀልድበታል። እውነቱን ነው። ወልዋዩ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚያናግረው ሰው የለም።

ቅዳሜ ግን እትዬ ይመጣሉ። የአንዲት ጀልባ ባለቤት የነበሩት ሰው ሚስት ናቸው። ባላቸው ካረፉ ጀምሮ ጀልባዋ ከወደብ ወጥታ አታውቅም። እትዬ ወልዋዩ በሚያወጣላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት ያህል ያወራሉ፤ ስለ ጎረቤታቸው ውሻ፣ ስለ ዳቦ ሻጯ ኩርፊያ። እሱ አቀርቅሮ እየወለወለ «እ» ይላል። ሳምንቱን የሚገፋው በዚያ ወሬ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጀልባዋን ሊሸጧት መሆኑን ነገሩት። ገዢው በሳምንቱ ይመጣል፤ እስከዚያ አሳምረህ ወልውላት አሉት።

ሰኞ ዕለት የጀልባዋን ምሰሶ ወጥሮ የሚይዘው ሽቦ በታሰረበት ዝርግ ብረት ሥር የሻይ ጠብታ የመሰለ እድፍ አየ። ሲጠርገው ለቀቀ። ማክሰኞ ተመልሶ መጣ። አይዝጌ ብረት የማይዝገው አየር እስካገኘ ድረስ ነው፤ ታፍኖ ጨዋማ ውሃ ከተኛበት ከላይ እያበራ ከውስጥ ይበላል። ዝርግ ብረቱን ከያዙት ስምንት ብሎኖች አንዱን ፈታ። አንገቱ ተበልቶ ግማሹ ብቻ ቀርቷል። በጣቱ ገፋ ሲያደርገው ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ይኼን ሸፍኖ መወልወል በሐሳቡም አልመጣም። ምሰሶው በመጀመሪያው ከባድ ነፋስ ሰው ላይ ይወድቃል። የመጣለት ሌላ ነገር ነው። ስብሩን ለገዢው ቢያሳየው ሰውየው ዞር ብሎ አያያትም። ጀልባዋ እዚሁ ትሆናለች፣ እትዬም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ሁለት ቀን ሙሉ አሰበው።

ሐሙስ ደወለላቸው። አንዱ ብሎን መበላቱን ነገራቸው፤ የቀሩት ሰባቱም አያስተማምኑም አለ። መለወጥ እንደሚቻል ግን አልነገራቸውም። 

«እንግዲህ አልሸጥም ማለት ነው» አሉ እትዬ። «ያን የወደብ ደረጃ ስወርድ ጉልበቴን ባየህልኝ! ብቻህን ነህ ብዬ ነው እንጂ ድሮ ሸጬያት ነበር።»

ወልዋዩ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዞረ።

«ስምንት ብሎን መለወጥ ነው እትዬ። እስከ ቅዳሜ ይደርሳል።»

ሁሉንም ፈታ። ሦስቱ ተበልተዋል። ቀዳዳዎቹን አጽድቶና አድርቆ አዲሶቹን ውሃ እንዳይገባባቸው በማጣበቂያ አሽጎ አሰረ። ቅዳሜ ገዢው መጣ፤ ወልዋዩ አሮጌዎቹን አንድ በአንድ አሳየው። ሰውየው ምሰሶውን ነቅንቆ አየ፣ ሳቀ፣ የወልዋዩን እጅ ጨበጠ። ከሰዓት በኋላ ጀልባዋን ይዟት ወጣ።

ወልዋዩ ወንበሩን አጥፎ አስገባና እትዬን ክንዳቸውን ይዞ ሸኛቸው። ደረጃው ሃያ ሦስት ነው። አምስት ጊዜ ቆመው አረፉ። እስከዚያ ቀን ሲወጡም ሲወርዱም አይቷቸው አያውቅም ነበር።