ጅቡቲ የደረሰችው ፒክአፕ

ባለቤቴ መኪና ሳይገዛ የመኪና በር አሠራ። አቃቂ ያለው ግቢያችን ያኔ አጥሩ ቆርቆሮ ነበር፤ እሱም ቢሆን ከዚያም ከዚህም የተለቃቀመ፣ ቀለሙ እርስ በርሱ የማይገጥም። ቤቱ ጭቃ፣ ጣሪያው በክረምት የሚያፈስ። እሱ ግን በእጁ የገባችውን ገንዘብ ይዞ በያጅ ጋ ሄደና ግራና ቀኝ የሚከፈት ሰፊ የብረት በር አዘዘ። በያጁ ለየትኛው መኪና ነው ብሎ ሲጠይቀው፣ ለምትመጣው አለው። እኔ ጣሪያው ይቅደም ብዬ ለቀናት አኮረፍኩት።

ልኩን የወሰደው ከፋብሪካው ፒክአፕ ነው። ሹፌር ነበር፤ ዕድሜውን የጨረሰው ቃሊቲ ካሉት ፋብሪካዎች ለአንዱ ዕቃ ሲያመላልስ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መጣና የሲባጎውን አንድ ጫፍ እኔን አስይዞ መኪናዋን ከስፖኪዮ እስከ ስፖኪዮ ለካት። ከዚያ በግራም በቀኝም አንዳንድ ክንድ ጨመረበት። ይሄ ሁሉ ለምን ነው ብለው፣ አንቺም ስትነጂ እንዳትጋጪ ነዋ ብሎኝ ሳቀ። እኔ ያኔ እንኳን መኪና ብስክሌትም ነድቼ አላውቅም።

በሩ ተተክሎ ሲያልቅ ከቤቱ በለጠ። ሰፈራችን ደግሞ መሳቂያ ካገኘ አይለቅም። ዋናው ተሳላቂ ማዕዘኑ ላይ ሱቅ ያለው፣ በልጅነቱ ከስልጤ መጥቶ እዚሁ ወልዶ የከበደው ጎረቤታችን ነበር። ባለቤቴ ባለፈ ቁጥር ከመደርደሪያው ጀርባ አንገቱን ያወጣና «ጋሼ፣ መኪናዋ የት ደረሰች?» ይለዋል። ባለቤቴም ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ጅቡቲ ደርሳለች» ይላል። አንዳንዴ ወደብ ላይ ወረፋ በዝቶ ነው፤ አንዳንዴ ቀረጡ ላይ እየተከራከረ ነው። ሁለቱም ሸበቱ፤ መኪናዋ ግን ጅቡቲ እንደቆመች ቀረች።

የፋብሪካው ፒክአፕ ማደሪያዋ ፋብሪካው ውስጥ ነው። ቤት ይዞ መግባት ክልክል ነበር፤ ለምሳ ግን ብቅ ይላል። ባትሪዋ ስለደከመ ሞተሯን አያጠፋም፤ ካጠፋት ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ሊገፋ ነው። በሩ ፊት ያቆማትና ክላክስ ያደርጋል፤ ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም። እኔ ምሳ ዕቃውን ይዤ ከማድ ቤት እወጣለሁ። በሩ ጋ ስደርስ ግን ወዲያው አልከፍትም ነበር፤ ትንሽ እቆማለሁ። ብረቱ ከሞተሩ ጋር ይንቀጠቀጣል፤ እጄን መቀርቀሪያው ላይ ሳሳርፍ ንዝረቱ እስከ ክርኔ ይመጣል። እሱ ወዲያ ማዶ የሆነ ዘፈን ያንጎራጉራል፤ ግጥሙን ሁልጊዜ ነው የሚሳሳተው። ባሌ ደጄ ላይ መሆኑን እያወቅኩ ሳላየው መቆም ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ትንሿን የሰው መግቢያ ከፍቼ ምሳውን እሰጠዋለሁ። ትልቁን በር የምንከፍትበት ምክንያት አልነበረንም።

አንድ ጊዜ ልንገዛ ደርሰን ነበር። ነጭ፣ ሲንግል ጋቢና፣ የጭነት ስፖንዳዋ ትንሽ የተላላጠ። ተስማማን፣ ቀብድ ከፈልን፣ እሱ በሩን ቀለም አስቀባው። በሳምንቱ ሻጩ ደውሎ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ አለ። ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል፤ ደንቡ ይሄ ነው። የመኪና ዋጋ ከሰኞ እስከ ዓርብ በሚጨምርበት ጊዜ ግን እጥፉን መልሶም ሻጩ ያተርፋል። ባለቤቴ ገንዘቡን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ ሳንነዳት አተረፍንባት አለ። ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ራቱን ግን አልበላም።

ያ ትልቅ በር ግራና ቀኝ ወለል ብሎ የተከፈተው እሱ የሞተ ዕለት ነው። ጡረታ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ልቡ ከዳው። የእድር ሰዎች ሬሳውን በትንሿ በር ማውጣት እንደማይቻል ሲያዩ ትልቁን ለመክፈት ታገሉ፤ መሬት ውስጥ የሚገባው ብረት ዝጎ አልነቃነቅ አለ። ባለሱቁ ሮጦ ሄዶ ዘይት አመጣና ራሱ ተንበርክኮ እያፈሰሰ አላቀቀው። ከዚያ በሩን ይዞ እንደቆመ ቀረ፤ ሰው ሁሉ እስኪያልፍ ድረስ አልለቀቀውም። እኔ ያን ቀን ብዙ ነገር አላስታውስም። ሲባጎውን ግን አስታውሳለሁ፤ በሬሳው ኋላ እየሄድኩ አንድ ጫፉን የያዝኩ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋ፤ እኔም መኪና መፈለግ ጀመርኩ።

ለሰው የምናገረው ለሥራዬ እንደምፈልጋት ነው፤ ይህም ውሸት አይደለም። የከብት መኖ መሸጫ አለኝ፤ ፉርሽካና ፋጉሎ ከወፍጮ ቤት በጋሪና በባጃጅ ማመላለስ መርሮኛል። ግን ለዚህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው እከራይ ነበር። እኔ የምፈልገው ያ በር አንድ ቀን ለተሠራለት ነገር እንዲከፈት ነው። ሬሳ አውጥቶ ብቻ እንዳይቀር። ይህን ለደላላ አይነግሩትም፤ ስለዚህ ፉርሽካ እላለሁ።

መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በዚህ ዕድሜዬ፣ ልጆቼ ከሚሆኑ ወጣቶች ጋር ተሰልፌ ነው። አስተማሪው ፍሪሲዮን ላይ በረገጥኩ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቅሁ፤ ሁለተኛውን አለፍኩ። ሳልፍ የምነግረው ሰው አሰብኩና ለባለሱቁ ነገርኩት።

ገበያው ግን የእኔን ፈተና አልጠበቀም። የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያረጀው ሁሉ ተወደደ። ሰው ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፣ ፒክአፕ ሲያረጅ ይጨምራል ብዬ ከልጄ ጋር እቀልድ ነበር። ልጄ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። እሷ በስልኳ የኤሌክትሪክ መኪና እየፈለገች ትልክልኛለች፤ ነዳጅ አይፈልግም፣ ወረፋ የለውም፣ ዝም ያለ ነው ትለኛለች። እኔም ዝም ያለውን ምን ላደርገው ነው አልኳት። እንደ ቀልድ ነበር የተናገርኩት፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ደላላው ቀልጣፋ ወጣት ነው። ያላሳየኝ የለም። አንዷን ወንበሯ ተቀዷል ብዬ ተውኳት፤ አንዷን ቀለሟ አላማረኝም፤ አንዷ ደግሞ ምንም ሳይጎድላት ክላክሷ ቀጠነብኝ። ደላላው የመጨረሻዋ ላይ ትዕግሥቱ አለቀ። «ማዘር፣ ለእውነት መኪና ነው የሚፈልጉት?» አለኝ። እንደ ባሌ የፋብሪካ ፒክአፕ ዓይነት ድምፅ የምትሰጥ ፈልግልኝ ብለው ያብዳል። እሷ በሐራጅ ከተሸጠች ዘመን አልፏል፤ ዛሬ የትኛው ጋራዥ ተፈታታ እንደቀረች አላውቅም።

በመጨረሻ ቃሊቲ አንድ አዛውንት ቤት ወሰደኝ። ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ስላቆሙ ሊሸጡ ነው፤ ቀልድ አይወዱም ብሎ አስጠነቀቀኝ። ደርሰን ደላላው በሩን ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ ከውስጥ ሞተር ተነሳ። እኛን ሲጠብቁ እያሞቋት ነበር። የአዛውንቱ በርም የብረት በር ነው፤ ሳላስበው መዳፌን አሳረፍኩበት። ንዝረቱ መጣ። ቀስ ብሎ፣ ትንሽ ጎርነን ብሎ፣ እስከ ክርኔ።

«እገዛታለሁ» አልኩ።

ደላላው «ገና ሳያዩዋት!» ብሎ ራሱን ያዘ። ገብተን አየኋት፤ ነጭ፣ ሲንግል ጋቢና፣ ላሜራዋ እዚህም እዚያም የተጠጋገነ፣ ጭነት የሚሸከመው ባሌስትራዋ ጠንካራ። አዛውንቱ ስለ ዋጋው ብዙ አልተናገሩም፤ ማን ነው የሚነዳት ብለው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው። ከእግር እስከ ራሴ ካዩኝ በኋላ ዘይቷን ብቻ በጊዜው ቀይሪላት አሉኝ። ቀብድ ከፈልኩ። ያን ጊዜ ግን ፈራሁ፤ ባለቤቴም እንዲሁ ከፍሎ ነበር።

የፈራሁት አልቀረም። ውሉን ልንፈራረም ጥቂት ቀን ሲቀረን ደላላው ደወለና የሽማግሌው ልጆች በጣም ብዙ የሚጨምር ገዢ አግኝተዋል አለኝ። ቀጥለው አዛውንቱ ራሳቸው ደወሉ። ነገ በጠዋት ነይ አሉኝና ዘጉት። እጥፉን ሊቆጥሩልኝ ነው ብዬ ቁርጤን አወቅሁ። በማግሥቱ ሄጄ በራፉ ላይ ቆመው ሳገኛቸው ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አላስጨረስኳቸውም።

«አባባ፣ እጥፉን አልቀበልዎትም» አልኩ። «ባለቤቴ አንድ ጊዜ ተመልሶለት ያውቃል። ገንዘቡን ይዞ ነው የሞተው። እኔ መኪናዋን ነው የምፈልገው።»

«እጥፍ ማን አለሽ፣ ልጄ?» አሉ። «ልጆቼ ለምሳ ሰዓት ሰውየውን ይዘው ይመጣሉ። እኔ ፊታቸው ቆሜ እምቢ ማለት አልችልበትም። ሳይመጡ ውሰጃት ብዬ ነው የጠራሁሽ።»

እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። እሳቸውም እንዳላየ ሆነው ካፖርታቸውን ሊያመጡ ገቡ። ሦስታችን ጋቢናው ውስጥ ተጣብቀን፣ ደላላው እየነዳ፣ እዚያው ቃሊቲ ውል የሚዋዋሉበት ቢሮ ሄድን። ተራችን ደርሶ ፈርመን ስንወጣ መኪናዋ አልነሳ አለች። መንገደኛ ለምነን በግፊ አስነሳናት። አዛውንቱ ባትሪዋ እንደደከመ መናገር ረስቻለሁ ብለው አፈሩ። «ቤትሽ ሳትገቢ እንዳታጠፊያት» አሉኝ። ደላላው ድርሻውን ተቀብሎ ሄደ፤ አዛውንቱን ቤትዎ ላድርስዎት ብላቸው እምቢ አሉ። ስፖንዳዋን አንዴ መታ መታ አደረጉና ከእሷ ጀርባቸውን አዙረው ታክሲ ተራው ውስጥ ገቡ። እኔም ተረዳኋቸው።

ከቃሊቲ እስከ አቃቂ ያለውን መንገድ ስንት ዓመት በታክሲ ተመላልሼበታለሁ፤ እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ገልባጮቹ ከኋላዬ ሆነው ይጮኹብኛል፤ እኔ መሪውን አንቄ ይዤ በቀኜ እሄዳለሁ። እያለፉኝ ወደ እኔ የሚያዩ ሹፌሮች ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ መገመት ግን አያቅተኝም። ሰፈራችን መታጠፊያ ጋ ስደርስ ባለሱቁ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀስ ብሎ ተነሳ። መኪናዋን አየ፣ እኔን አየ፣ የአፉን ነገር ለመናገር የፈራ መሰለኝ።

«ጅቡቲ የነበረችው ናት?» አለ በመጨረሻ።

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ድምፁ ለእኔና ለራሱ ብቻ የሚሰማ ነበር። ሊከተለኝ ሁለት እርምጃ ተራመደና ተወው።

በሩ ፊት አቆምኳት። እጄ ሳላዝዘው ክላክሱ ላይ አረፈ፤ ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም። ከዚያ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ምን እንደምጠብቅ የገባኝ ቆይቶ ነው። መቀርቀሪያው ሲንሸራተት ለመስማት ነበር ጆሮዬን ያቆምኩት፤ ያን በር ከውስጥ የሚከፍት ሰው ግን ድሮም እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁለታችንን በአንድ ጊዜ መሆን ነበረብኝ፤ መሪው ላይም፣ ከበሩ ጀርባም።

የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ ሞተሯን እንደተባልኩት ሳላጠፋ ወረድኩ። በትንሿ በር ገብቼ መለስ አደረግኋት። መሬት ውስጥ የሚገባውን ብረት ነቀልኩ፤ የባለሱቁ ዘይት ዛሬም አልደረቀበትም። ከዚያ እጄን መቀርቀሪያው ላይ ሳሳርፍ ብረቱ እንደ ድሮው እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሞተሩ ወዲያ ማዶ ይጎረንናል። ዘፈኑ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱንም እኔ ጀመርኩት፣ ግጥሙን እንደ እሱ እየተሳሳትኩ። በሩን እስክከፍት ድረስ ውጭ ያለው እሱ ነው። ስለዚህ ቶሎ አልከፈትኩም።