ከአፈሩ የለቀምኩት ገለባ

ልጄ አፈሩን ይዛ የመጣች ቀን በኮቴዋ አላወቅኋትም። ሌላ ጊዜ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ነው የምትወጣው። ያን ቀን አንድ ትወጣና ትቆማለች፣ ትንሽ ታርፍና ደግሞ ትወጣለች። ደረጃችን የድሮ እንጨት ነው፤ አብሯት ያቃስታል። የታመመ ሰው ተሸክመው የሚያመጡ መሰለኝና እጄን ሳልጠርግ ወጣሁ።

በሁለት እጇ ሁለት ግማሽ ግማሽ ጆንያ ጨብጣለች።

"አትደንግጪ እማዬ፣ አፈር ነው።"

"የምን አፈር?"

"የስንዴ ማሳ።"

"አራዳ ላይ አፈር ጠፋ እንዴ? ፊት ለፊታችን ያለው ሰፈር ከፈረሰ ወዲህ የምንተነፍሰው አፈር አይደል?"

ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ከገጠር በሰላም መመለሷን እስካይ ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር። እንዲህ ነኝ፤ አውቶቡሱ ሳይነሳ ስለ ገደሉ የማስብ ሰው ነኝ።

ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ የሠራሁት ፒያሳ ወርቅ ቤት ነው። ሻጭ አይደለሁም፤ ከመደብሩ ጀርባ ያለችውን የአንጥረኛውን ክፍል እጠርጋለሁ። አንጥረኛው የወሎ ሰው ናቸው፣ ሽማግሌ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሥራ የጀመርኩ ቀን መጥረጊያውን ሲሰጡኝ የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። "እዚህ ቤት ጥራጊ አይደፋም።" ሞረዱ ወርቁን ሲነካው የሚረግፈው ብናኝ ለዓይን አይታይም፤ ወለሉ ላይ ከአቧራው ጋር ይተኛል። ስለዚህ የጠረግሁትን ሁሉ፣ ፀጉርም ይሁን የክር ቁራጭ፣ በየቀኑ በወረቀት ጠቅልዬ፣ ቀኑን ጽፌ፣ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ዓመቱ ሲሞላ ጋሼ ያቃጥሉታል፣ ያቀልጡታል። ከዚያ ሁሉ ቆሻሻ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ወርቅ ትወጣለች።

ማታ ስወጣ ጫማዬን ወረቀት ላይ አራግፋለሁ። ሌባ ያለኝ ሰው የለም። ግን ዓይን የማያየው ነገር በእጅሽ ሲጠፋ በምን ታስረጃለሽ? ይህን እያሰብኩ ነው ያረጀሁት።

ልጄ ማስተርሷን የምትሠራው ስለ አፈር ነው። የዩኒቨርሲቲው ማድረቂያ ክፍል ጣሪያው ስለሚያፈስ አፈሩን እኛ ቤት፣ የእንጨቱ ወለል ላይ፣ ጥላ ውስጥ ልታደርቀው ነው ያመጣችው። አልጋውን ገፋን። አሥራ ሁለት ጋዜጣ ዘረጋች፣ ከየጆንያው ስድስት ስድስት ፌስታል አውጥታ አሥራ ሁለት ጉብታ አፈር አፈሰሰች፣ በየጋዜጣው ጥግ ላይ ቁጥር ጻፈች። ከአንድ እስከ ስድስት ያለው በየዓመቱ ከማይታረስ ማሳ ነው። ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ያለው ከአጠገቡ፣ ከሚታረሰው።

"የማይታረስ መሬት እንዴት ስንዴ ያበቅላል?" አልኳት። አባቴ ገበሬ ነበር። ለጤፍ አራት አምስት ጊዜ አርሶ፣ አለስልሶ፣ ጓል ሳያስቀር ነበር የሚዘራው፤ በዚያም ነው የሚመሰገነው።

"ባለቤቱ አዛውንት ነበሩ። ሲያጭዱ ቃርሚያውን አያነሱም፣ ገለባውንም መልሰው ማሳው ላይ ይበትኑታል። ሲዘሩ መሬቱን በቀጭኑ ሰንጠቅ ያደርጉና ዘሩን ጨምረው ይከድኑታል። በቃ። ሰባት ዓመት እንዲህ አደረጉ።"

"ከብቶቻቸውስ ምን በሉ?"

"እሱ ነው ችግሩ። ግማሹን ለከብት፣ ግማሹን ለመሬት ያደርጉ ነበር። መንደሩ ግን ሰነፍ ነው የሚላቸው፤ ማረስ ጠልቶ ነው ይላቸዋል።"

ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። ሰውየው በክረምቱ ሞተዋል። ልጄ አፈሩን ባፈሰች በማግስቱ ልጆቻቸው በሬ ጠምደው ማሳውን ገለበጡት። በእሳቸው እጅ እንደነበረ የቀረው አፈር በዓለም ላይ እዚህ ወለላችን ላይ ያለው ብቻ ነው።

"ይኼ ከተበላሸ ሁለት ዓመቴ ተበላሸ እማዬ። አደራ፣ እንዳይደባለቅ፣ ውሃም ንፋስም እንዳይነካው።"

አደራ ባትለኝ ይሻል ነበር።

እሑድ እሷ ጓደኛዋ ዘንድ ልታጠና ሄደች። እኔ ከጊዮርጊስ ተመልሼ ነጠላዬን ሳላወልቅ ቆሜ አየሁት። አፈሩ ውስጥ ገለባ አለ። ሥር አለ። የደረቀ አገዳ አለ። ይህን ለአስተማሪዋ ልትወስድ ነው? ምስር ሳይለቀም ድስት ውስጥ ሲገባ እንደማየት ነው የሆነብኝ። ልጅቷ ደክሟት ነው፣ እኔ ላግዛት አልኩ። ጋሼ ጫፉ ስለጎበጠ የሰጡኝ ወረንጦ ነበረኝ፤ እሱን ይዤ ቁጭ አልኩ።

የአንድ ቁጥርን ገለባ ለቅሜ ስጨርስ በረንዳ ወጥቼ ወደ ግቢ በተንኩት። ተመልሼ ሁለት ቁጥር ፊት ስቀመጥ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ጥራጊ አይደፋም። የሰው ዕቃ ነው፤ ባለቤቱ ሳያየው አይጣልም። ደብተር ቀድጄ እንደ ወርቅ ቤቱ ወረቀት አጠፍኩና ውስጡ እያጠራቀምኩ ቀጠልኩ። በላዩ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ከሦስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ ቁጥር ግን አይጠፋብኝም።

ያኔ ነው አፈሩን ያየሁት። በፊት መቼ አየሁት!

የሚታረሰው ፈዛዛ ነው፣ በጣት ሲነኩት ይቦናል። የሚለቀምም ብዙ የለውም። የሰውየው ግን ጠቆር ያለ ነው፣ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ክብ ክብ ይላል። ፍርፋሪውን በወረንጦ ሳነሳ ሌሎች ሦስት አራት ተከትለው ተነሱ። ብርሃን ላይ አድርጌ ሳየው ከፀጉር የቀጠነ ነጭ ክር እንደ ጨሌ ሰክቷቸዋል። አንድ የስንዴ አገዳ ደግሞ አገኘሁ። ባንድ ጫፉ እንደ ትናንት ገለባ ቢጫ ነው። መሃሉ ቡናማ ነው። በሌላው ጫፉ አፈር ነው። በወረንጦ የት ላይ ልቁረጠው? ገለባው የት አልቆ አፈሩ የት እንደሚጀምር ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፣ አጣሁት። ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ መሬት ላይ ጎንብሶ ኖረ፤ ይህን አይቶ ይሆን?

ልጄ ስትገባ የመጨረሻውን ወረቀት እያጠፍኩ ነበር። አፈሩን አየች፣ እኔን አየች።

"እማዬ፣ ገለባው የታለ?"

"ለቀምኩልሽ።"

"ምን አደረግሽ?"

"ቆሻሻ ነበረው እኮ፣ አጸዳሁልሽ…"

ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች። "ገለባው እኮ ነው ሥራዬ! ከየአንዳንዱ ቁጥር ለብቻ ለቅሜ፣ ስንት እንደሆነ መዝኜ… እናቴ፣ ምን አድርጌሽ ነው?"

ወረቀቶቹን ያጠራቀምኩበትን የጫማ ካርቶን አነሳሁና ፊቷ አስቀመጥኩት። ከፈተችው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አወጣች፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ እስከ አሥራ ሁለት። አንዱን ፈታ አየችው፤ አቧራው እንኳ ሳይቀር ውስጡ ነው። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ቀና አለች።

"አንድ ቁጥርስ?"

"ደፋሁት።"

ሁለታችንም ደረጃውን ወርደን ግቢው ውስጥ ተንበረከክን። የጎረቤት ዶሮ ጭራዋለች፣ ንፋስም አለ። አምስት ስድስት ገለባ አገኘሁና በመዳፌ አቀረብኩላት። አየችው፣ ራሷን ነቀነቀች።

"የሱ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ጎረቤት የሸክላ ዕቃ የጠቀለለበት ገለባም ሊሆን ይችላል። ተይው እማዬ። ከጠፋው ይልቅ የሌላው ተቀላቅሎ ቢቆጠር ይብሳል።"

በማግስቱ ፊቴን ሲያዩ ጋሼ ሞረዳቸውን አስቀመጡ። ነገርኳቸው።

"አይ አንቺ ሴት! ሃያ ዓመት የኔን ጥራጊ ጠብቀሽ የገዛ ልጅሽን በበረንዳ ደፋሻት?"

"አይቀልዱብኝ ጋሼ፣ ሊያባርሯት ይሆናል።"

"ስንት ጠፋ?"

"ከአሥራ ሁለቱ የአንዱ።"

"እዚህ ቤት ሲጎድል ምን እናደርጋለን?"

"የዚያኑ ቀን እንናገራለን።"

"እንግዲያ ሂጂና ተናገሪ። እሷ ሳትሆን አንቺ። የጣለው ነው የሚናገረው።"

ስድስት ኪሎ ድረስ ከልጄ ጋር በታክሲ ሄድኩ። የዩኒቨርሲቲውን በር በውጭ እንጂ በውስጥ አላውቀውም ነበር። አስተማሪዋ ሴት ናት፣ ከኔ ብዙም አትበልጥም። ካርቶኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ፣ እንደ ተከሳሽ ቆሜ፣ ያደረግሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ልጄ መሬት መሬት ታያለች። አስተማሪዋ ወረቀት እየፈታች ሰማችኝ። ከዚያ ልጄን "ማን ነው ያስተማራቸው?" አለቻት።

"ወርቅ ቤት" አለች ልጄ።

"ይቀመጡ እናቴ። አፈሩ ሳይለቀም አይለካም፤ ልጅዎም ልትለቅም ነበር። እንዲህ አጥርታ መልቀሟን ግን እንጃ።" ወደ ልጄ ዞረች። "የአንድ ቁጥር ገለባ የለም። በግምት እንዳትሞይው። የለም ብለሽ ጻፊ፣ ለምን እንደጠፋም ጻፊ። አፈሩ ራሱ አለ፣ እሱ ይለካል።"

የዚያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ውሃ ሞላች። ከተረፈው አፈር ሁለት ጓል መረጠች፤ አንዱን ከሚታረሰው፣ አንዱን ከሰውየው። ቀስ ብላ ጨመረቻቸው። የሚታረሰው ወዲያው አረፋ አውጥቶ ፈረሰ፣ ውሃው ደፈረሰ። የሰውየው ጓል እንደ ድንጋይ ቁጭ አለ። ውሃው ጥርት ብሎ ጓሉን ከበበው። እኔ አሁን ይፈርሳል፣ አሁን ይፈርሳል እያልኩ እጠብቃለሁ። አልፈረሰም።

"ምን አስሮት ነው?"

"ገለባው ሲበሰብስ የሚተወው ነገር። ካርቦን ይባላል። ስንዴው ከአየር የሳበው ነው፤ አንቺ ስትተነፍሺ ከሚወጣው ውስጥ። ቅጠሉ ይስበዋል፣ አገዳ ያደርገዋል። አገዳው መሬት ላይ ሲቀር ወደ አፈሩ ይገባል። መሬቱን ስንገለብጠው ደግሞ ብዙው ተመልሶ ወደ አየር ይሄዳል።"

"ትንፋሽ ነው የምትይኝ? ይኼ ጓል?"

"ከፊሉ፣ አዎ።"

"ታዲያ ትንፋሽ በምን ይመዘናል?"

"ነይና እዪዋ" አለችኝ።

ሄድኩ። ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ውስጥ አፈሩ ደርቆ፣ ተነፍቶ፣ አንድ አንድ ቁንጥር እየተመዘነ የጋሼን ማቅለጫ በሚመስሉ አሥራ ሁለት ትናንሽ የሸክላ ስኒዎች ውስጥ ገብቷል። ያን ዕለት ወደ እሳት ገባ። በማግስቱ ጠዋት ምድጃው ቀዝቅዞ ሲከፈት ቆሜ ነበር። ጥቁሩ አፈር ጡብ መስሎ፣ ቀልቶ ወጣ። ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ያሉት ሁሉ ቀልተዋል፤ የቱ የሰውየው እንደሆነ በዓይን አይለይም።

እኔ እሳትን የማውቀው በጋሼ ቤት ነው። እዚያ ቆሻሻው ይሄዳል፣ የሚፈለገው ይቀራል። እዚህ የሚፈለገው ሄዷል፤ ስኒው ውስጥ የቀረውን ማንም አልፈለገውም። ስኒው ሲመዘን የጎደለው ነው ትንፋሹ። የጎደለው ሁሉ ካርቦን ብቻ አይደለም ትላለች ልጄ፤ አስተማሪዋ በሌላም መንገድ ትለካዋለች። እኔ ግን የማይታይ ነገር ሄዶ ቦታውን ሲያሳይ ያን ቀን አየሁ። ሃያ ዓመት የማይታይ ነገር ስፈራ ኖሬ፣ እንደዚያ ቀን ዓይኔ ፊት ለፊት አልቆመም።

ሚዛኑ የመስታወት ቤት አለው። "ስትከፍቺው አጠገቡ አትተንፍሺ" አለችኝ ልጄ። የጋሼም ሚዛን እንደዚያ ነው። አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ስኒ ታስቀምጣለች፣ ታነባለች፣ ትጽፋለች። አሥራ ሁለተኛውን ጽፋ ስትጨርስ ወደ እሳት ሳይገባ ከነበረው ክብደት ላይ ቀነሰች። እርሳሷ ቆመ።

"ምነው? ምን ሆነ?" አልኳት።

ደብተሩን ወደኔ አዞረችው። ከአንድ እስከ ስድስት ካሉት ስኒዎች የጎደለው፣ ከሌሎቹ ከጎደለው ሁሉ ይበልጣል። አንዱም አልሳተም። ሰነፍ የተባሉት ሰውዬ ሰባት ዓመት ያጠራቀሙት እዚያ ነበር፤ ልጆቻቸው ማሳውን ቢገለብጡትም ተጽፏል።

"ተገኘ እማዬ" አለች።

በጎን ያለው ዓምድ የገለባው ነው። ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት በእኔ ወረቀቶች ያለው ተመዝኖ ገብቷል። አንድ ቁጥር ፊት ለፊት ሰረዝ አለ። ከታች በደቃቁ የጻፈችውን በጣቴ እየተከተልኩ፣ ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት፤ የአንድ ቁጥር ገለባ በለቀማ ጊዜ ተጥሏል ይላል።

"እኔ መሆኔን ጨምሪበት" አልኳት።

"እማዬ፣ እንደዚያ አይጻፍም።"

"ጨምሪበት።"

እርሳሱን አነሳችና "በእናቴ" ብላ ከ"ተጥሏል" በፊት አስገባች። ከዚያ ሚዛኑን ዘጋች፣ እኔም ተነፈስኩ።