አሊፍ ላይ ያሉት ሽማግሌ

በዚያ ሐሙስ ምሳ ላይ የነበርነው እነዚህ ነን፦ ከመቻራ የተመለሱት ሽማግሌ፣ ግቢው የሳቸው ነው፤ ሚስታቸው፤ በደሳ የሚያስተምረው የበኩር ልጃቸው፤ ከሌላ ክልል ተመድባ ጭሮ የመጣችውና እዚያው ግቢ የተከራየችው ነርስ፤ በመጨረሻም እኔ፣ በመንገዱ በኩል ባለችው ክፍል ስልክ የምጠግነው ተከራይ።

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመቻራ ቡና ሲጭኑ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። ከረመዳን በኋላ ግን ድንገት ተነሥተው እዚያው መቻራ አንድ ሸህ ዘንድ ገቡና ቁርአንን እንደ ሕፃን ከፊደሉ ጀምረው መማር ያዙ። አሁን የመጡት ቤታቸውን ለመጠየቅ ነው፤ ቅዳሜ ይመለሳሉ። ልጃቸው አእምሯቸው ደክሟል ብሎ ስለፈራ ሊያስቀራቸው መጥቷል። ነርሷንም በምሳ ሰበብ እንድታያቸው የለመናት እሱ ነው።

ለመፍራት ምክንያት አልነበረውም አልልም። ስገባ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቀድመው ሰላም አሉኝ። ግድግዳውን ተደግፈው የሚቀመጡባትን ፍራሽ ትተው በሩ ሥር ቁጭ ብለዋል። ሚስታቸው «ጉርባው ተመለሰልኝ» እያሉ ይስቃሉ፤ በኦሮምኛ ጎረምሳው ማለታቸው ነው። ሳቁ ግን መሐል ላይ ይቆምባቸዋል።

ነርሷ እንደ ዋዛ ቀኑን ጠየቀቻቸው። ሐሙስ መሆኑን ነገሯት፤ የበደሳ ገበያ መቼ እንደሚቆምም ጨመሩላት።

«ዕድሜዎስ፣ አባባ?»

«ገና አሊፍ ላይ ነኝ።»

አሊፍ የዐረብኛ የመጀመሪያው ፊደል ነው። ነርሷ ግራ ገብቷት ልጁን አየችው። ቀልድ ይሁን መልስ እኔም እስካሁን አልለየሁም።

የማሽላ እንጀራ በሹሮ ቀረበ። ማስታጠብ የታናሽ ሥራ ስለሆነ እኔ ብድግ ስል ሽማግሌው ጆጉን ቀደሙኝ። ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሳፋውን ይዘው ልጃቸው ፊት በርከክ አሉ። ልጁ እጆቹን ብብቱ ሥር ወሸቀ።

«አባ፣ ያስቀምጡት። ሰው ቢያይ ምን ይለኛል?»

ሽማግሌው ሳይቆጡ አስረዱት። ሸሁ ቤት ታላቅና ታናሽ የሚለየው በትምህርት ነው። በመጨረሻ የመጣው ደረሳ ቀድመውት ለተማሩት ሁሉ ያስታጥባል፤ እሳቸውም ጢም ላላበቀሉ ልጆች ሲያስታጥቡ ነው የከረሙት።

«አንተ ቁርአን ጨርሰህ ስታኸትም እኔ ቡና እጭን ነበር» አሉት። «ትቀድመኛለህ። ታጠብ።»

ልጁ አቀረቀረ። ከታጠበ የአባቱን ተማሪነት ተቀበለ ማለት ነው፤ ቅዳሜ ቅሩ ሊላቸው አይችልም። ካልታጠበ ደግሞ አባቱን እንደተንበረከኩ ሊተዋቸው ነው። እኔ የማውቀውን ሁሉ ብቻዬን በር ዘግቼ የተማርኩት ስሳሳት ሰው እንዳያየኝ ነው። እሳቸው በነጭ ጢማቸው ይህ ሁሉ ሰው እያያቸው ጀማሪ ሆነዋል። ከሁለታችን ወጣቱ ማን እንደሆነ ጠፋኝ።

በመጨረሻ ልጁ እጆቹን አወጣ። አንዱ ወደ ሳፋው ሄደ፤ ሌላው ወደ ጆጉ። ውሃው ወረደ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቱን መናኸሪያ ድረስ የሸኘው ልጁ ነው፤ የጨርቅ ቦርሳቸውንም የያዘላቸው እሱ ነው። አምኖበት ይሁን አቅቶት አላውቅም።

ሚስታቸው፣ የዚያን ቀን ውሃውን ያፈሰሱት ሽማግሌው ናቸው ይላሉ። ነርሷ ደግሞ ልጁ ጆጉን ተቀብሎ አባቱን እንዳስታጠባቸው ትናገራለች። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ጆጉ ሰማያዊ መሆኑን፣ እጀታው ከላይ በኩል መሰንጠቁን አስታውሳለሁ፤ እጀታውን የያዘው የማን እጅ እንደነበር ግን አላስታውስም። ሁለቱም ሲነሡ እጃቸው እርጥብ ነበር። ሽማግሌው መቻራ ናቸው፤ ልጁን መጠየቅ እፈራለሁ። በበሩ ያለፋችሁ ጎረቤቶችም ብትሆኑ፣ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።